መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችና የጎንደር አካባቢ የመድኃኒት ዕፅዋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ጤና አዳም ወይም ዳማከሴ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል፤ አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ የዋጠ ሰው ማግኘት ግን አያስቸግርም። አንቲባዮቲኮች የማይፈውሷቸው ኢንፌክሽኖች እየበዙ በሄዱ ቁጥር ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ጓሮው መመለሳቸው የሚጠበቅ ነው። ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በመድኃኒት ቤት መስኮት፣ በጤና ጣቢያ ወረፋና በጤና ተማሪዎች መካከል ደጋግመው ይነሣሉ። መልሶቹን የጻፈው ሰው የአባቶችንና የእናቶችን ዕውቀት ያከብራል፤ የታመመ ሰው በግምት ሲታከም ማየት ግን አይፈልግም።

«ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው መድኃኒቱን የተላመደው የገዛ ሰውነቱ ይመስለዋል። የተላመደው ግን ባክቴሪያው ነው፤ በዚህም ምክንያት በሕይወቱ አንድም ቀን አንቲባዮቲክ ወስዶ የማያውቅ ሕፃን እንኳ መድኃኒት በተላመደ ጀርም ሊያዝ ይችላል። ባክቴሪያዎች እጅግ በፍጥነት ስለሚራቡ ከሚሊዮኖቹ መካከል በዘር ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይፈጠራሉ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል እነዚህ ጥቂቶች ቦታውን ይወርሳሉ። አንዳንዶቹ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም እያመረቱ ፔኒሲሊንንና ዘመዶቹን ይሰባብራሉ፣ አንዳንዶቹ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የራሳቸውን ክፍል ይለውጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባውን መድኃኒት በሽፋናቸው ላይ ባለ ፓምፕ መልሰው ያስወጡታል። ይህን ችሎታ የሚሸከመው የዘር መረጃ ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ላይ ስለሚገኝ ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ከሚበቃው መጠን በታች የሚወሰድ መድኃኒት ጀርሞችን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያሳየው በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት ሞተዋል፤ ችግሩ አስተዋፅኦ ያደረገባቸው ሞቶች ሲደመሩ ደግሞ ቁጥሩ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። ከባዱን ጫና የተሸከሙት ከሰሃራ በስተደቡብ ያሉ የአፍሪካ አገሮች ናቸው።

ዕፅዋት ባክቴሪያን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ለምን ይኖራቸዋል?

ተክል ከጠላቱ መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ በቅጠሉ፣ በልጡና በሥሩ ውስጥ ፈንገስን፣ ባክቴሪያንና ነፍሳትን የሚያርቁ ኬሚካሎችን ያዘጋጃል። የምናሸተው የጦስኝ ሽታ፣ ምላስን የሚያቃጥለው የፌጦ ጠባይና የግራዋ ምሬት ሁሉ ከዚህ መከላከያ የመጡ ናቸው።

በጎንደር አካባቢ ለኢንፌክሽን የሚውሉት የትኞቹ ዕፅዋት ናቸው?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ከደጋው እስከ ቆላው ያለው የከፍታ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ በደባርቅና በዳባት የሚታወቀው ተክል በመተማ ላይታወቅ ይችላል። ለቁስል፣ ለእከክና ለጭርት የብሳና፣ የክትክታ፣ የእሬት፣ የመቅመቆና የሽነት ስም ደጋግሞ ይነሣል። ምች ለያዘው ሰው ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ይጠጣል፣ ሽታውም ይሳባል፤ ቀበርቾ ይታጠናል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ከማር ጋር ይለወሳሉ።

ከእነዚህ መካከል ኬሚካላቸው በሚገባ የተጠና አሉ። በሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ በብዛት የሚገኘው ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች አሉት፤ እነዚህ ዘይቶች የባክቴሪያውን ሽፋን በማናጋት ውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጋሉ። የጥቁር አዝሙድ ዋነኛ ንጥረ ነገር ታይሞኪኖን ይባላል። ነጭ ሽንኩርት ሳይፈጭ አሊሲን የለውም፤ አሊሲን የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ሁለት ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ሲገናኙ ነው፣ ከተፈጠረ በኋላም በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ስለዚህ ወጥ ውስጥ የበሰለ ነጭ ሽንኩርትና አሁን የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ከኬሚካል አንጻር አንድ አይደሉም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጡ ጥናቶችም የጣዝማ ማርን ከነጭ ሽንኩርት ጋር አዋህደው በላብራቶሪ ባክቴሪያዎች ላይ ሞክረዋል፤ ይህ ውህድ እናቶቻችን ለጉሮሮና ለሳል ሲያዘጋጁት የኖሩት ነውና ጥያቄውን ከቤት አንሥቶ ወደ ላብራቶሪ መውሰዱ የሚያስመሰግን ነው።

ከጎንደር ጋር የቆየ ታሪክ ያለው ሌላው ተክል ዋጊኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ይህን ተክል የደም ተቅማጥ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል፤ በኋላም የዕፅዋት ሊቃውንት ለተክሉ ወገን በእርሱ ስም ብሩሲያ የሚል ስያሜ ሰጡት። ከተክሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብሩሴያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጥቶ ለካንሰር በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል፣ ለመድኃኒትነት ግን አልበቃም። ተክሉን ለብሩስ ያሳዩት የአገሩ ሰዎች ስም በስያሜው ውስጥ የለም፤ ወደዚህ ጉዳይ ከታች እንመለሳለን።

አንድ ተክል «በላብራቶሪ ተረጋግጧል» ሲባል ሕመም ያለበትን ሰው ይፈውሳል ማለት ነው?

አይደለም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ በላይ መብራራት ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጩት አብዛኞቹ የዕፅዋት ማስታወቂያዎች የሚቆሙት በዚህ ቃል ላይ ነው።

በተለመደው አሠራር የተክሉ ቅጠል ወይም ሥር ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ወይም በኢታኖል ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም ፈሳሹ ተንኖ ጭማቂው ይቀራል። ባክቴሪያ በተቀባበት፣ አጋር የሚባል የረጋ የባክቴሪያ ማብቀያ በያዘ ሳህን ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ተበስተው ጭማቂው ይጨመርባቸዋል፤ ሳህኑ በ37 ዲግሪ ካደረ በኋላ በጉድጓዱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይለካል። ክቡ በሚሊሜትር ሲሰፋ ተስፋ ይጨምራል፤ ነገር ግን የክቡ ስፋት የሚወሰነው በጭማቂው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በአጋሩ ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰራጭም ነው። ዘይትነት ያለው ጠንካራ ንጥረ ነገር ትንሽ ክብ፣ በውኃ የሚሟሟ ደካማ ንጥረ ነገር ደግሞ ትልቅ ክብ ሊያሳይ ይችላል። በረኪናም በዚህ ሳህን ላይ ቢፈተን ሰፊ ክብ ያሳያል፤ በረኪና የሚጠጣ ግን የለም።

የተሻለው መለኪያ የባክቴሪያውን እድገት የሚያቆመው ዝቅተኛ መጠን ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ያልተላመደውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ለማቆም በአንድ ሚሊ ሊትር 0.25 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። በዘርፉ ያሉ ብዙ ተመራማሪዎች ያልተጣራ የተክል ጭማቂ ትኩረት የሚስበው ከ100 ማይክሮግራም በታች ሲሠራ ነው ይላሉ፤ ከዕፅዋት ጥናቶች ውስጥ ብዙዎቹ የሚዘግቡት ግን በሚሊ ግራም የሚቆጠር መጠን ነው። አንድ ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው። አንድ ጎልማሳ አምስት ሊትር ያህል ደም አለው እንበል፤ በደሙ ውስጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም እንዲኖር አምስት ግራም ጭማቂ ምንም ሳይባክን ደም ውስጥ መግባት አለበት። የሚዋጥ ነገር ግን ከፊሉ በአንጀት ይቀራል፣ ከፊሉን ጉበት ይሰብረዋል፣ ከፊሉም ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይሰራጫል። ስለዚህ በሳህን ላይ የታየው መጠን በታማሚው ደም ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ ለማግኘት የሚያስፈልገው መጠንም ታማሚውን ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

ከሳህኑ በኋላ የሚቀረው ጉዞ ረጅም ነው፤ የሚሠራው ንጥረ ነገር ተለይቶ ይወጣል፣ በሰው ሕዋሳት ላይ ያለው ጉዳት ይለካል፣ በእንስሳት ይሞከራል፣ ከዚያም በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ደረጃ በደረጃ ይፈተናል። በአገራችን ዕፅዋት ላይ የሚደረገው ጥናት በብዛት የሚቆመው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መሆኑ የሚያስቆጭ ነው፤ የሚጎድለው ግን የተመራማሪዎች ትጋት ሳይሆን የሚቀጥለውን ደረጃ የሚሸፍን ገንዘብና መሣሪያ ነው።

ከዕፅዋት መድኃኒት ይገኛል ከተባለ፣ ከዕፅዋት የተገኘ አንቲባዮቲክ እስካሁን ለምን የለም?

አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች የተገኙት በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ከፈንገሶች ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ኤሪትሮማይሲን ሁሉም የአፈር ልጆች ናቸው። ከዕፅዋት የወጣ፣ ተውጦ ወይም በመርፌ ተሰጥቶ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንን የሚፈውስ ንጹሕ ንጥረ ነገር ግን እስካሁን ለገበያ አልበቃም። አንዱ ምክንያት የዕፅዋት ኬሚካሎች በተናጠል ሲታዩ ደካሞች መሆናቸው ነው። ሌላው ምክንያት በጣም አደገኛ የሆኑት ባክቴሪያዎች አፈጣጠር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው ዝርዝር በአንደኛ ደረጃ ከሰፈሩት መካከል ካርባፔነም የሚባሉት ጠንካራ አንቲባዮቲኮች የማይበግሯቸው አሲኔቶባክተርና የክሌብሲየላ ወገኖች ይገኛሉ፤ እነዚህ ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው የተክል ንጥረ ነገር በቀላሉ አይዘልቃቸውም፣ የዘለቀውንም በፓምፕ ያስወጡታል። ብዙ የዕፅዋት ጥናቶች ይህ የውጭ ሽፋን በሌለው በስታፊሎኮከስ ላይ ጥሩ፣ በክሌብሲየላና በሱዶሞናስ ላይ ደካማ ውጤት የሚያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በሌሎች በሽታዎች ግን ዕፅዋት ትልቅ ነገር ሰጥተውናል። የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን እ.ኤ.አ. በ1820 ሲንኮና ከሚባል ዛፍ ልጥ ተለይቶ ወጣ። ሌላውን የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒንን ያገኘችው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ተሸላሚ ሆነች፤ የእርሷ ሥራ ለጎንደር ተመራማሪ የሚናገረው ነገር አለ። ተክሉን ሲያፈሉት ውጤቱ ይዋዥቅ ስለነበር ወደ ጥንታዊ የቻይና የሕክምና ጽሑፍ ተመለሰች፤ ጽሑፉ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይፈላ አይልም። በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር ስታወጣው ፍቱንነቱ ታየ። እኛም ዘንድ የባህል ሐኪሙ «እርጥቡ ተወቅጦ ይጨመቅ፣ በለጋ ቅቤ ይለወስ» ሲል፣ ቅጠሉን አድርቀን በሜታኖል ዘፍዝፈን «አይሠራም» ብንል የፈተንነው የእርሱን መድኃኒት አይደለም። የአዘገጃጀቱ ዝርዝር፣ ማለትም ተክሉ የተቆረጠበት ወቅት፣ የሚወሰደው ክፍልና የሚለወስበት ነገር፣ በጥናቱ ውስጥ በጥንቃቄ መመዝገብና በዚያው መልክ መፈተን አለበት።

ታዲያ ተስፋው የት ላይ ነው?

በእኔ እምነት ትልቁ ተስፋ ተክሉ አንቲባዮቲኩን ይተካል በሚለው ሐሳብ ላይ ሳይሆን አንቲባዮቲኩን ይደግፋል በሚለው ላይ ነው። ለዚህ ሐሳብ በየመድኃኒት ቤቱ የምናውቀው ምሳሌ ኦግመንቲን ነው፤ በውስጡ ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ብቻውን ባክቴሪያን የመግደል አቅሙ አነስተኛ ቢሆንም፣ ቤታ ላክታሜዝን ስለሚያግደው አሞክሳሲሊን ሥራውን መሥራት ይችላል። ክላቩላኒክ አሲድ የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ተመሳሳይ ረዳቶች ከዕፅዋት ሊገኙ እንደሚችሉ ግን ማስረጃ አለ። በርቤሪስ የተባሉት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች በርቤሪን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይሁን እንጂ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኖር ኤ በሚባለው ፓምፑ በርቤሪንን እየተፋ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እነዚሁ ዕፅዋት ፓምፑን የሚዘጋ ሌላ ንጥረ ነገርም ያመርታሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በርቤሪኑ ይሠራል። ይህ ግኝት የባህል ሐኪሞች ለምን ሙሉውን ተክል፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ዕፅዋትን አዋህደው እንደሚሰጡ አንድ ሳይንሳዊ ምክንያት ያሳየናል። ከአንድ ቅጠል አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ለይቶ የመፈተን ልማድ እንዲህ ያለውን ትብብር ሊያሳጣን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ትጥቁን ማስፈታት ነው። ባክቴሪያዎች በኬሚካል ምልክት እየተነጋገሩ መርዝ የሚያመርቱበትንና ባዮፊልም የሚባለውን የሚያጣብቅ መጠለያ የሚሠሩበትን ጊዜ ይወስናሉ፤ ይህን ንግግር የሚያውኩ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች በላብራቶሪ ታይተዋል። ሦስተኛው መንገድ የቆዳ ላይ ሕክምና ነው። በቅባት መልክ የሚቀባ ነገር በደም ውስጥ ሊደረስበት የማይችለውን መጠን በቁስሉ ላይ ማድረስ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ የሰው ላይ ሙከራዎች ምቹ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የታዘዘልኝን አንቲባዮቲክ እየወሰድኩ የባህል መድኃኒት ብጨምርበትስ?

በላብራቶሪ አንድ ተክልና አንድ አንቲባዮቲክ ሲደጋገፉ መታየታቸው በሰው ሰውነት ውስጥ እንደዚያ ይሆናሉ ለማለት አያበቃም፤ አንዳንድ ዕፅዋት የጉበትን ሥራ በመለወጥ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። በምግብ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርት ወይም በሻይ የሚጠጣ ጦስኝ ለአብዛኛው ሰው አያሳስብም። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ነጭ ሽንኩርትን በብዛት እንደ መድኃኒት መውሰድ የለበትም፤ የፀረ ኤች አይ ቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድም ሳያማክር ምንም ዓይነት የሥር ወይም የቅጠል መድኃኒት አይጀምር። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ።

መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ በዕፅዋት ይድናል?

አይድንም። ለዚህ በሽታ ውጤታማ ሕክምና አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለብዙዎቹ ታማሚዎች ስድስት ወር የሚፈጅ በአፍ የሚወሰድ ሕክምናን ይመክራል። ዕፅዋትን መሞከር ብሎ ሕክምናውን ማዘግየት ታማሚውንም አብረውት የሚያድሩትንም ለሞት ያጋልጣል።

የተፈጥሮ ነገር ጉዳት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት አይደለም፤ የባህል ሐኪሞችም ይህን አይሉም። ልምድ ያለው አዋቂ መጠኑን በጥንቃቄ የሚለካው፣ ማርከሻውንም አብሮ የሚያዘጋጀው መድኃኒቱ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን ስላለው ያቃዣል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ሊገድልም ይችላል። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አለው። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ እንዶድ ሲዋጥ የጨጓራና የአንጀት ሽፋንን ይጎዳል። ጤና አዳም ለቡና ማጣፈጫ የሚጨመረው ትንሽ ዘለላ ሲሆን ሌላ ነው፤ በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ግን ማኅፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚዋጥ የባህል መድኃኒት በራሳቸው ግምት መውሰድ የለባቸውም።

በቁስል ላይ ቅጠል ወይም የአንቲባዮቲክ ዱቄት ማድረግ ይቻላል?

የቴትራሳይክሊን ወይም የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ይህ ልማድ መቅረት አለበት። መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት በቁስሉ ላይ ያሉትን ጀርሞች ያለማምዳል፣ ቆዳንም ሊያስቆጣ ይችላል። ያልታጠበ ቅጠል፣ አፈር ወይም የከብት እበት የነካው ነገር በቁስል ላይ ከተደረገ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል። ቀላል ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ማር በቁስል ላይ ያለው ጥቅም ጥሩ ማስረጃ አለው፤ ሆኖም በሆስፒታሎች የሚሠራበት ማር በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው፣ ከገበያ የተገዛው ግን ስኳር ተቀላቅሎበት ወይም ቆሽሾ ሊሆን ይችላል።

በተለይ ለደጋው ሕዝብ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭርን የሚያመጣው ባክቴሪያ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሊሽማኒያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ አለመሥራቱ ጀርሙ መድኃኒት ተላምዷል ማለት አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሊሽማኒያ በሽታዎች የምርምርና የሕክምና ማዕከል ስላለ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ቅጠል በመለዋወጥ ጊዜ አያጥፋ።

ኢንፌክሽኔ መድኃኒት የተላመደ መሆኑን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

በስሜት ማወቅ አይቻልም። ጉንፋንን፣ አብዛኛውን የጉሮሮ ሕመምና አልማዝ ባለጭራን የሚያመጡት ቫይረሶች ስለሆኑ አንቲባዮቲክ ከመጀመሪያውም አይሠራባቸውም። ትክክለኛው መንገድ የካልቸር ምርመራ ነው፤ ከሽንት፣ ከመግል ወይም ከደም የተወሰደ ናሙና በላብራቶሪ ይበቅላል፣ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈተናል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢሰጥ ውጤቱ ይታመናል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሽንት መቀነስ ወይም በፍጥነት የሚስፋፋ የቆዳ መቅላት ከታየ ግን ምንም ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የባህል ሐኪሞች ዕውቀታቸውን የሚደብቁት ለምንድን ነው? ቢገልጹስ ምን ይጠቀማሉ?

ዕውቀቱ ከአባት ለተመረጠ ልጅ፣ ከመምህር ለታመነ ደቀ መዝሙር በቃልና በብራና ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ምስጢርነቱ የኑሮ መሠረትም የኃላፊነት ጥበቃም ነው። ከዚህ በላይ የመደበቁ ምክንያት የታሪክ ትምህርት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ ተክሉ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል አረጋገጠ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ይሁን እንጂ እንዶድን በሌላ የቀንድ አውጣ ዘመድ ላይ ለመጠቀም የሚያስችለው የባለቤትነት መብት በኋላ የተመዘገበው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም ነበር።

ዛሬ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። በአዋጁ መሠረት የማኅበረሰቡን ዕውቀት የሚፈልግ ተመራማሪ ወይም ድርጅት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ከሚገኘው ጥቅምም ማኅበረሰቡ ድርሻ አለው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ሊሰበስብ ሲመጣ የባህል ሐኪሙ ዓላማውን፣ ፈቃዱንና የዕውቀቱ ባለቤት ስም እንዴት እንደሚጠቀስ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ተማሪውም የጥናቱን ውጤት ይዞ ወደ እርሱ ቢመለስ መልካም ነው፤ ይህ ሲደረግ አይቼ የማውቀው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

ከገበያ የገዛሁት ሥር ትክክለኛው ተክል መሆኑን በምን ልለይ?

የደረቀና የተፈጨ ከሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። አንድ ስም በሁለት ወረዳ ለሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ሊውል ይችላል፤ አንድ ተክልም ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፣ ለምሳሌ ሰንሰልና ስሚዛ። ጥንቁቅ ጥናት የተክሉን ናሙና ከአበባው ጋር አድርቆ በዕፅዋት ቤተ መዘክር የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዱቄት ሆኖ፣ ስሙ ሳይነገር፣ «ለሁሉም በሽታ» ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት አይገዛ።

ዕፅዋቱ ራሳቸው እየጠፉ አይደለም ወይ?

አንዳንዶቹ እየጠፉ ነው። ሥሩ የሚፈለግ ተክል ሲቆፈር ይሞታል፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀበርቾ ገበያው በሰፋ ቁጥር በዱር እየተመናመነ ነው። ከአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋት መካከል አሥር በመቶ ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ስለሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ ሳይጠና ቢጠፋ ከሌላ ቦታ ሊመጣ አይችልም። በጎንደር ዙሪያ ብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ተጠብቀው የቆዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ተመራማሪው ሥር ከመቁረጡ በፊት ቅጠሉ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር እንዳለው ቢፈትን፣ የባህል ሐኪሙም የሚጠቀምበትን ተክል በጓሮው ቢያባዛ ጫናው ይቀንሳል።

የባህል መድኃኒት መውሰዴን ለሐኪም ብናገር ይቆጣኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ምን ላድርግ?

ይንገሩ። የተቆጣዎት ባለሙያ ካለ ስሕተቱ የእርሱ ነው። የተክሉን ስም፣ የወሰዱትን ክፍልና መጠን፣ የተዘጋጀበትን መንገድና የመጨረሻውን ጊዜ ይንገሩት፤ ከተቻለ ቅጠሉን ወይም የተረፈውን ሥር ይዘው ይሂዱ። ጉበትዎ ወይም ኩላሊትዎ የተጎዳበት ምክንያት ሲፈለግ፣ ወይም የታዘዘልዎት መድኃኒት እንዳሰቡት ሳይሠራ ሲቀር፣ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ከባክቴሪያው መላመድ ጋር አምታቶት ወደ ጠንካራውና ወደ ውዱ አንቲባዮቲክ ሊሸጋገር ይችላል።